አንድ ማሊያ፣ ሃያ ዓመት

ባለፈው እትም ስለ አሌክስ ኦቬችኪን አጠር ያለች ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ከ2005 ጀምሮ የዋሽንግተን ካፒታልስን ማሊያ ብቻ ለብሶ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2025 የዌይን ግሬትስኪን የ894 ግብ ሪከርድ ስለመስበሩ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደብዳቤ ብዙ ነው። ይህን ያህል አልጠበቅኩም ነበር። በረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ ከኛ ሰው የራቀ ይመስላል፤ ግን ዲሲ፣ ቶሮንቶ፣ ኤድመንተን ልጅ የሚያሳድግ ሀበሻ ቤት ግቡና እዩ፣ ክረምት ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው እሱ ነው። ከደብዳቤዎቹ ስድስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስለ ኦቬችኪን የጻፋችሁትን አነበብኩት። አንድ ክለብ ውስጥ ሃያ ዓመት መቆየት ይህን ያህል ምን ያስደንቃል? ቶቲ ከሮማ ሳይወጣ ነው ጫማ የሰቀለው። ማልዲኒም ሚላን እንዳለ ነው ያቆመው። የኛው ይድነቃቸው ተሰማ እንኳ 23 ዓመት ለጊዮርጊስ ብቻ ተጫውቷል። ሆኪ ላይ ሲሆን ምን የተለየ ነገር አለው? (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅክ ወንድሜ። ልዩነቱ ሽያጩ ላይ ነው። እግር ኳስ ላይ ክለብህ ሊሸጥህ ቢፈልግ አንተም እሺ ማለት አለብህ። ከገዢው ጋር ካልተስማማህ ዝውውር የሚባል ነገር የለም፣ ውልህን ይዘህ ቁጭ ትላለህ። የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ውስጥ ግን ትሬድ አለ። ሁለት ክለቦች በስልክ ያወራሉ። ተጫዋች በተጫዋች ይለዋወጣሉ። ከዚያ ላንተ ይደወልልሃል፣ አለቀ። ውልህ እንዳለ ወደ አዲሱ ክለብ ይዞራል። ሚስትህ ሥራ አላት፣ ልጆችህ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ቤቱን ገና አምና ነው የገዛኸው፤ ይህን የሚጠይቅህ የለም። ጨርቄን ማቄን ሳትል ሻንጣህን አንስተህ ትበራለህ።

ውል ላይ «ያለ ፈቃዴ አልሸጥም» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። ግን ለሁሉም አይሰጥም። ተጫዋቹ መጀመሪያ ወይ 27 ዓመት መሙላት አለበት፣ ወይ ሰባት የውድድር ዓመት መጫወት። ከዚያም በኋላ ክለቡ ከፈለገ ነው።

የሚጀምርበትን ክለብ እንኳ አይመርጥም። 18 ዓመት ሲሞላው ድራፍት ላይ ይቀርባል፣ ክለቦቹ በየተራ ይወስዳሉ፣ የመጀመሪያውን ተራ የማግኘት ሰፊ ዕድል ያላቸው ደግሞ አምና ከታች የጨረሱት ናቸው። ስለዚህ ጎበዙ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ለደካማው ክለብ ነው። እዚያ ሆኖ ሽንፈት ይጠግባል። ሲጎለምስ ጠንካሮቹ ያዩታል። የራሱ ክለብም «አሁን ብንሸጠው ምን እናገኝበታለን?» ብሎ ያሰላል።

ብራድ ማርሻንድን ውሰደው። ቦስተን 16 ዓመት ተጫውቷል፣ አምበል ሆኗል። ውሉ ሊያልቅ ሲል በአዲሱ አልተስማሙም፤ ማርች 2025 ወደ ፍሎሪዳ ሰጡት። በዚያው ዓመት ከፍሎሪዳ ጋር ዋንጫ በላ። ለሱ ደስ ብሎኛል። የቦስተን ሰው ግን ቆሽቱ ነው ያረረው።

ለዚህ ነው እኔ የምደነቀው። ተጫዋቹ አልሄድም ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ክለቡም በክፉ ቀን አልሸጠውም ማለት ነው። መቆየት የሁለት ወገን ሥራ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ከደከመው ያበቃል። ኒክላስ ሊድስትሮም ከስዊድን ዲትሮይት የገባው በ1991 ነው። ድራፍት ላይ የተመረጠው 53ኛ ሆኖ ነበር፣ ብዙም ሰው አላየውም። 20 ዓመት፣ 1,564 ጨዋታ፣ አራት ዋንጫ፣ ሰባት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ። ሁሉም በአንድ ማሊያ።

ጥያቄ፦ ዲሲ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ጨዋታ ባለ ቀን አሬናው አካባቢ ሥራ ስለማይጠፋ እዚያው አመሻለሁ። ልጄ ከኦቬችኪን 8 ቁጥር ማሊያ ሌላ አይለብስም። በቀደም አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ መልስ አጣሁ። ኦቬችኪን ዋንጫ እስኪበላ 13 ዓመት ፈጅቶበታል። ለምን ቀድሞ ወደ ጠንካራ ክለብ አልሄደም? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ለልጅህ ከ2008 ጀምረህ ንገረው።

ኦቬችኪን በ2004 ድራፍት አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። የዚያ ዓመት ውድድር በባለቤቶችና በተጫዋቾች ጭቅጭቅ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ፣ እሱም አንድ ዓመት ሞስኮ፣ ዳይናሞ ቆየ። ኦክቶበር 5 ቀን 2005 ለካፒታልስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከኮለምበስ ጋር ተጫወተ፣ ሁለት ግብ አገባ። በመጀመሪያው ዓመት 52 ግብ! ቡድኑ ግን ደካማ ነበር። በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት ጥሎ ማለፉ ውስጥ እንኳ አልገቡም።

ከዚያ ጃንዋሪ 2008 መጣ። ኦቬችኪን 22 ዓመቱ ነው። ወኪል አልያዘም፣ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ራሱ ተደራደረ። የፈረመው ውል የ13 ዓመት ነው፤ 124 ሚሊዮን ዶላር። ሊጉ ውስጥ ከዚያ በፊት መቶ ሚሊዮን ያለፈ ውል አልነበረም። ገንዘቡ ብዙ ነው፣ እውነት ነው። ግን ልጅህ ይህን ያስተውል፦ ኦቬችኪን ያን ቀን አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። ቡድኑ ዋንጫ ይብላ አይብላ የሚያሳይ ምንም ነገር በእጁ የለም። እዚያው እስከ 35 ዓመቴ እቆያለሁ ብሎ ፈረመ።

የተከተለው ልብ ይሰብራል። በ2009 ፒትስበርግ ጣላቸው። በ2016 ፒትስበርግ። በ2017 እንደገና ፒትስበርግ። «ግብ ያገባል እንጂ አሸናፊ አይደለም» ያላለ ጋዜጠኛ አልነበረም። በ2018 ደግሞ የመጀመሪያው ዙር ላይ በኮለምበስ ሁለቱን የሜዳቸውን ጨዋታ ተሸነፉ፤ በቃ፣ እንደልማዳቸው ተባለ። ተነሱና አራቱን በተከታታይ አሸነፉ። ከዚያ ፒትስበርግን ራሱን አስወጡ። ፍጻሜው ላይ ላስ ቬጋስን በአምስት ጨዋታ ጨረሱት።

ጁን 7 ማታ፣ ጨዋታው ላስ ቬጋስ ቢሆንም ሰው ዲሲ አሬናው ደጅ ተሰብስቦ ነበር። እኔም 7ኛውና ኤፍ መገናኛ ላይ ቆሜ ነበር፣ እግር መርገጫ የለም። ያለቀለት ጊዜ አንድ የኛ ሰው፣ የታክሲ ሾፌር፣ መኪናውን መሀል መንገድ አቁሞ ወጣ። ከሰው ብዛት መሄድም አይችልም። ጣሪያውን በመዳፉ እየደበደበ «አሥራ ሦስት ዓመት! አሥራ ሦስት ዓመት!» ይላል በአማርኛ። አጠገቡ የነበሩት ልጆች ቃሉን አያውቁትም፤ ግን ተቀብለው አብረውት ጮኹ። ምናልባት አንተ ታውቀው ይሆናል።

ልጅህን አንድ ቀን አሬናው ውስጥ አስገባው። ኦቬችኪን ቢጫ ማሰሪያ ያለው ጫማ ነው የሚያደርገው፣ ከላይኛው ወንበርም ይለያል። ተጋጣሚው አንድ ሰው ሲቀነስበት በግራ በኩል ካለው ክብ ውስጥ ሄዶ ይቆማል። ዱላውን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። ፓኳ (የሆኪዋ ጠፍጣፋ ኳስ) ስትመጣለት አያቆማትም፣ በአየሯ ነው የሚመታት። በረኛው የት እንደሚቆም ያውቃል፣ ተከላካዩ ያውቃል፣ ናቾ የሚሸጠውም ያውቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያውቃሉ፣ ገብቶባቸዋል። ደግሞ ይህን ጨምርለት፦ 895ኛዋን ያገባው በ1,487ኛ ጨዋታው ነው። ግሬትስኪም በሕይወቱ የተጫወተው ልክ 1,487 ጨዋታ ነው። የግሬትስኪ ግቦች ግን በአራት ክለብ ማሊያ የተገኙ ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለትምህርት ሚሺጋን ነበርኩ፣ ከዚያ ወዲህም እዚሁ ቀረሁ። አሌክስ ዴልቬኪዮ ለዲትሮይት ሲጫወት በዓይኔ አይቻለሁ። 24 ዓመት አንድ ክለብ! በዚያ ዘመን ተጫዋች ከክለቡ አይነቃነቅም ነበር። ዛሬ ሁሉም ዶላር አሳዳጅ ሆኗል። ታማኝነት ጠፍቷል ብል ተሳሳትኩ? (ከአን አርበር)

መልስ፦ አባቴ፣ ዴልቬኪዮን በዓይንዎ ማየትዎ እኔን ያስቀናኛል። 1,550 ጨዋታ፣ ሁሉም ለዲትሮይቱ ክለብ፣ ለሬድ ዊንግስ። ክብሩ የሚገባው ነው፣ አንዲት ቃል አልቀንስበትም።

በታማኝነቱ ነገር ግን ከርስዎ ጋር አልስማማም፣ ይቅር ይበሉኝ። ያኔ ተጫዋቾቹ የማይነቃነቁት መውጫ ስላልነበራቸው ነው። እስከ 1967 ሊጉ ስድስት ክለብ ብቻ ነበር። ውሉ ቢያልቅ እንኳ ተጫዋቹ የክለቡ ንብረት ሆኖ ይቀጥላል፣ ሌላው ክለብ ሊያናግረው አይችልም። ክለቡ ግን ባሻው ሰዓት ሊሸጠው ይችላል። በሩ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈተው።

ቴድ ሊንዚን ያስታውሱታል። ከጎርዲ ሃው ጋር አንድ መስመር ላይ የሚጫወት፣ ለዲትሮይት አራት ዋንጫ ያመጣ ሰው ነው። በ1957 ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ማኅበር ሊያቋቁም ተነሳ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የጡረታ ገንዘባችን የት እንደሚገባ እንወቅ የሚል ነበር። ዲትሮይት ምን አደረገ? በዚያው በጋ ከሊጉ መጨረሻ ለነበረው ቺካጎ ሸጠው። 13 ዓመት አገልግሎ! የተቀሩት ያን ዓይተው ፈሩ፣ ማኅበሩም ፈረሰ። እስከ 1967 ድረስ ሌላ አልቆመም።

ሃው ራሱ 25 ዓመት ለዲትሮይት ተጫውቷል። ከቡድኑ ሁሉ በላይ እንደሚከፈለው ያምን ነበር፣ አለቆቹም እንደዚያ ነው የሚሉት። ቦብ ቦን የሚባል ተከላካይ ከሌላ ክለብ መጥቶ ደመወዙን ሲነግረው ነው እውነቱን ያወቀው። የቦን ይበልጣል። ለሃው የሚሰማኝ ይኼ ነው፤ ሰውየው ታማኝ ነበር፣ ክለቡ አልነበረም።

ስለዚህ ለኔ የዛሬው ይበልጣል። መሄድ እየቻለ የቀረ ሰው ነዋ። እዚያው ዲትሮይት ስቲቭ አይዘርማንን አይተዋል መቼም። በ21 ዓመቱ፣ በ1986፣ አምበል ሆነ። በ1989 በተጠናቀቀው ውድድር 65 ግብ አገባ፣ 90 አቀበለ። ዋንጫ ግን የለም። አሠልጣኙ ስኮቲ ቦውማን መጥቶ «ግብ ማግባቱን ቀንስና ወደ ኋላ ተመልሰህ ተከላከል» አለው። በ1995 ወደ ኦታዋ ሊሰጥ ነው ተብሎ ተወራ። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሱ አጨዋወቱን ለወጠ። በ1997 ዲትሮይት ከ42 ዓመት በኋላ ዋንጫ ስታገኝ ያነሳው እሱ ነው። በ1998 ሲደግሙት ደግሞ ዋንጫውን ለማን አቀበለ? በመኪና አደጋ ተጎድቶ መራመድ ለተሳነው ጓደኛው፣ ለቭላዲሚር ኮንስታንቲኖቭ። በተሽከርካሪ ወንበሩ በረዶው ላይ አወጡት፣ ዋንጫውን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት፣ ሜዳውን እየገፉ አዞሩት። እርስዎ ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ከነበሩ ስለ ታማኝነት ከኔ በላይ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ማርነር ከኛ ሄደ። የከተማው ልጅ ነው፣ እዚሁ ነው ያደገው፣ እንዴት ይሄዳል? ማሊያውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ለመጣል ተነስቼ እናቴ ከለከለችኝ። ከሃዲ ነው ወይስ አይደለም? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ማሊያውን አትጣል። እናትህ ልክ ናቸው።

ሚች ማርነር ዘጠኝ ዓመት ለቶሮንቶ ተጫውቷል። ውሉ ሲያልቅ፣ በ2025 በጋ፣ ወደ ቬጋስ ሄደ። ሰረቀ? አልሰረቀም። ከ1967 ወዲህ ዋንጫ ያላየ ከተማ ንዴቱን የሚያወርድበት ሰው ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የሰፈር ልጅ ስለሆነ ስድቡ እጥፍ ነው የወረደበት።

ሌላም ነገር አለ። ከ2005 ጀምሮ ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው። ያኔ ለአንድ ቡድን 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2025 ወደ 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። ከዚያ በላይ ለተጫዋቾች መክፈል አይቻልም፣ ባለቤቱ ቢሊዮን ቢኖረውም። ስለዚህ ለአንዱ የጨመርከው ከሌላው ኪስ ነው። ስቲቨን ስታምኮስ ታምፓ ላይ 16 ዓመት ተጫውቶ፣ አምበል ሆኖ፣ ሁለት ዋንጫ አንስቶ በ2024 ናሽቪል የገባው በዚህ ሒሳብ ነው። ሲድኒ ክሮስቢ በተቃራኒው ከ2008 ጀምሮ በዓመት 8.7 ሚሊዮን ላይ ቆሟል። 87 ቁጥሩ ነው፣ የተወለደውም 1987 ኦገስት 7 ነው። በ2024 ውሉን ሲያድስም ያንኑ ነው የፈረመው፤ ብዙ መጠየቅ ይችል ነበር። እንደሱ ያለ ሰው ጥቂት ነው፣ ሁሉንም በሱ መለካት ግን አግባብ አይመስለኝም።

መሄድም በደንብ ይቻላል ወንድሜ። ሬይ ቦርክ ቦስተን ውስጥ 21 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ዋንጫ የለውም፣ 39 ዓመቱ ነው፣ ቡድኑ ወድቋል። አንድ ዕድል ልሞክር ብሎ ጠየቀ፣ ማርች 2000 ላይ ኮሎራዶ ሰደዱት። ጁን 2001 ሰባተኛው ጨዋታ ላይ አሸነፉ። ደንቡ ዋንጫውን መጀመሪያ አምበሉ ከፍ እንዲያደርግ ነው። አምበሉ ጆ ሳኪክ ተቀበለው፣ ከደረቱ በላይ ሳያነሳው ዘወር አለና ለቦርክ ሰጠው። ቦርክ ከጥቂት ቀን በኋላ ያንን ዋንጫ ይዞ ቦስተን ሄደ። የሌላ ክለብ ዋንጫ! በሺህ የሚቆጠር ሰው አደባባይ ወጥቶ ተቀበለው።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ተወራርደን ነው፣ የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል። ሳኪክና ሉንድክቪስት «የአንድ ክለብ ተጫዋች» ይባላሉ አይባሉም? እኔ ይባላሉ ብያለሁ። ደግሞም የሴዲን መንትዮች ዋንጫ ሳይበሉ 17 ዓመት ቫንኩቨር መቆየታቸው ጅልነት ነው ይላል ወንድሜ። እባካችሁ አፉን አስይዙልኝ። (ከሲያትል)

መልስ፦ ክትፎው ያንቺ ነው እህቴ።

ሳኪክ በ1988 ኩቤክ ከተማ ጀመረ፣ ኖርዲክስ ይባላል ክለቡ። በ1995 ክለቡ ተነቅሎ ዴንቨር ገባ፣ ስሙም ኮሎራዶ አቫላንሽ ሆነ። ከተማው ተቀየረ እንጂ ክለቡ ያው ነው። እስከ 2009 እዚያው ነበር። በ1997 ሊያመልጥ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ኒውዮርክ ሬንጀርስ የሦስት ዓመት 21 ሚሊዮን ዶላር ጠሩለት፣ ከዚያ ውስጥ 15 ሚሊዮኑ በቅድሚያ የሚከፈል። ኮሎራዶ ያንኑ መክፈል እንዳይችል የታሰበ ነበር። ከፈለ፣ አስቀረው።

ሄንሪክ ሉንድክቪስት ደግሞ የኒውዮርክ ሬንጀርስ በረኛ ነው፣ 15 ዓመት፣ 459 ድል። በ2020 ከሬንጀርስ ወጥቶ ለዋሽንግተን ፈረመ። ግን ልቡ ታመመ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ለዋሽንግተን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት አቆመ። ፊርማ አለ፣ ጨዋታ የለም። የሚቆጠረው ጨዋታ ነው።

ሴዲኖቹን ጅል ያለውን ወንድምሽን ግን በቀላሉ አልለቀውም። ሄንሪክና ዳንኤል መንታ ናቸው፣ ከስዊድን። በ1999 ድራፍት ላይ የቫንኩቨር ኃላፊ ሁለቱንም ለመውሰድ ተራ ሲያለዋውጥ ዋለ፣ በመጨረሻ 2ኛና 3ኛ አድርጎ አገኛቸው። ዳንኤል 22 ቁጥር፣ ሄንሪክ 33 የለበሱት ከዚያ ነው። በ2011 ፍጻሜ ደረሱ፣ ሰባተኛውን ጨዋታ በሜዳቸው በቦስተን ተሸነፉ። ከተማው ያን ማታ በረብሻ ተቃጠለ። ሌላ ዕድል አልመጣም። ቆዩ። ለከተማው የሕፃናት ሆስፒታል 1.5 ሚሊዮን ዶላር የሰጡ ሰዎች ናቸው፣ ልጆቻቸውን እዚያው አሳደጉ። ዋንጫ ፍለጋ ቢሄዱ አንድ ላይ የሚወስዳቸውስ ማን ነበር?

አሁን ኤፕሪል 5 ቀን 2018ን ተመልከቺ። የሜዳቸው የመጨረሻ ጨዋታ። ቡድኑ ከውድድር ወጥቷል፣ ነጥቡ ለምንም አይጠቅምም፣ ወንበሩ ግን ጢም ብሏል። ከአሪዞና ጋር 3 ለ 3። ጭማሪ ሰዓት። ሄንሪክ ፓኳን ይዟል። ቀና ብሎም የፈለገው አይመስልም፤ ወንድሙ የት እንደሚሆን ማየት አያስፈልገውም። አቀበለው፣ ዳንኤል መታ፣ ገባ። ከማኅፀን ጀምሮ አብረው የነበሩ ሁለት ሰዎች በመጨረሻው የሜዳቸው ምሽት፣ አንዱ አቀብሎ ሌላው አገባ፣ ጨዋታው አለቀ። ወንድምሽ ክትፎውን ሲጋብዝሽ ይህን ቪዲዮ አብራችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ ጅል ካለ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ሆኪ ይጫወታል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ነው በረዶ ሜዳ የማደርሰው። ማክዴቪድን ከነፍሱ ይወዳል። ውሉ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ሲባል ሰምቶ «ሊሄድ ነው» ብሎ አልቅሶ አደረ። እንደማይሄድ ልንገረው? ደግሞ እሱንም አንድ የተሻለ ቡድን ጠርቶታል፣ ጓደኞቼን ትቼ አልሄድም ይላል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከኤድመንተን)

መልስ፦ እህቴ፣ በሌሊት በረዶ የምትነጂው መንገድ ይታየኛል። በርቺ።

አይሄድም ብለሽ አትማይለት። እውነቱን ንገሪው። ኮነር ማክዴቪድ ኤድመንተን የመጣው በ2015 ነው፣ በ19 ዓመቱ አምበል ሆነ። በ2024 እና በ2025 ፍጻሜ ደርሶ ሁለቴም በፍሎሪዳ ተሸነፈ። ኦክቶበር 2025 ላይ ለሁለት ዓመት ፈረመ፣ በዓመት 12.5 ሚሊዮን። ድሮ የሚከፈለው ያንኑ ነው፣ አንድ ዶላር አልጨመረም። እኔ እንደሚገባኝ ገንዘቡን ለሌሎች ተዉና ቡድን ሥሩልኝ ነው ያለው፤ ካልሠራችሁ ግን ጊዜዬን አልፈጅም። በ2028 ያበቃል። እስከዚያ ልጅሽ ሊደሰትበት ይገባል።

የልጅሽ ፍርሃት ኤድመንተን ውስጥ የቆየ ቁስል ነው። ኦገስት 9 ቀን 1988 ግሬትስኪ ሎስ አንጀለስ ሄደ። አራት ዋንጫ አብልቷቸው፣ የመጨረሻውን በዚያው ዓመት። ሠርጉ አንድ ወር አልሞላውም ነበር። የክለቡ ባለቤት ለሁለት ተጫዋች፣ ለድራፍት ተራና ለ15 ሚሊዮን ዶላር ነው የለወጡት። ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ መናገር አቃተው፣ አለቀሰ። ፓርላማ ውስጥ መንግሥት ያስቁምልን ያለ ሰው ነበር። ጎረቤቶችሽ ውስጥ ሃምሳ ያለፈውን ማንንም ጠይቂ፣ ያን ቀን የት እንደነበር ይነግርሻል።

የራሱን ነገር ለራሱ ተዪለት። በ11 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር መጫወት ከፈለገ ይጫወት። ጥሩ ልጅ ከሆነ በ14ም ይጠሩታል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ሲቸኩል አይቻለሁ፣ ልጁ በ13 ዓመቱ ጫማውን ጥሎ ሲቀመጥም አይቻለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን ቁጭ አድርጊና እንደገና ጠይቂው። ልቡ ተቀይሮ መሄድ ካማረው ደግሞ ይሂድ፣ ጓደኞቹን ከዳ እንዳይመስለው።

አንድ ቅዳሜ ከልምምድ ስትመለሱ አሬናው፣ ሮጀርስ ፕሌስ አጠገብ አቁሚና አውርጂው። ደጁ ላይ የግሬትስኪ ሐውልት አለ፣ ዋንጫውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ። መጀመሪያ የቆመው አሮጌው አሬና ጋ ነበር፣ በኋላ ነው ወደዚህ የመጣው። መቼ እንደቆመ ንገሪው፦ በ1989። ግሬትስኪ የሎስ አንጀለስን ማሊያ ለብሶ በሚጫወትበት ጊዜ።